ታካሚው ሲወጣ የሚረከበው ማን ነው?

ሐኪሞቹ የጠዋቱን ዙር ሲጨርሱ «ዛሬ ትወጣላችሁ» ይላሉ። የታካሚው ፊት ይበራል፤ አስታማሚው ሩጫ ይጀምራል። ሒሳብ ይዘጋል፣ ያልተከፈለ የላቦራቶሪ ወረቀት ይፈለጋል፣ ፋርማሲ ይኬዳል፣ እዚያ የጠፋው መድኃኒት ከግቢ ውጭ ይገዛል፣ ክሊራንስ ይፈረማል፣ ብርድ ልብሱና ፔርሙሱ በፌስታል ይታጨቃል፤ የመኪናው ሹፌር በስልክ «በየትኛው በር ነው?» እያለ ይጨቀጭቃል። በዚህ መካከል ነርሷ መጥታ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ቁስሉና ስለ ቀጠሮው ትናገራለች። የምትናገረው ቆማ ነው፤ አልጋውን የሚጠብቅ ሌላ ሕመምተኛ ድንገተኛ ክፍል ስትሬቸር ላይ ተኝቷል። አስታማሚው «እሺ፣ እሺ» ይላል። ከዚህ በኋላ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ቤት ውስጥ ለሚካሄደው ሕክምና የተሰጠው ትምህርት ይኸው ነው።

ነርሶች ፈረቃ ሲቀያየሩ ይረካከባሉ። ሕመምተኛው ከድንገተኛ ወደ ዋርድ ሲዛወር የሚቀበለው ሰው ይታወቃል። ሪፈር ሲባልም ላኪና ተቀባይ በስልክ ይነጋገራሉ፤ ቢያንስ መመሪያው እንዲያ ይላል። ታካሚው በሆስፒታሉ ውስጥ በሚያደርገው እንቅስቃሴ ሁሉ ተረካቢ አለው። ተረካቢ የማይቆምለት የመጨረሻው፣ ከበር የሚያስወጣው እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ የሚቀበለው ሰው ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ያልሠለጠነው ነው። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ከሆስፒታል መውጣት እንደ ሒሳብ መዝጊያና አልጋ ማስለቀቂያ መታየቱ ቀርቶ ርክክብ መሆን አለበት። ተረካቢው አስታማሚው ነው። ዝግጅቱም የሚጀመረው በመውጫው ጠዋት ሳይሆን ታካሚው በተኛበት ቀን ነው።

ጉዳዩን ዛሬ አጣዳፊ ያደረገው የሆስፒታል ተጠቃሚው መብዛቱ ነው። ከአንድ ትውልድ በፊት ብዙው ኢትዮጵያዊ የሚወለደውም የሚሞተውም ቤቱ ነበር። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች የወሊዱን ለውጥ በግልጽ ያሳያሉ፤ በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ከመቶ 5 ገደማ፣ በ2011 10፣ በ2016 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ነበሩ። በሽታውም መልኩን ቀይሯል። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ስትሮክ፣ የኩላሊትና የልብ ድካም፣ ካንሰር በአንድ የአልጋ ቆይታ ታክመው የሚያልቁ አይደሉም። በወባ ተኝቶ የተነሣ ሰው ሲወጣ በአመዛኙ ድኖ ነው፤ በስትሮክ የተኛው ሲወጣ ግን ሕክምናው ወደ ቤቱ ተዛወረ እንጂ አላለቀም። የሆስፒታል አልጋ ደግሞ ለ1,000 ሰው አንድ እንኳ አይደርስም፤ እናም ሐኪሙ ትንሽ የተሻለውን አስወጥቶ የባሰበትን ለማስገባት ይገደዳል።

ቶሎ መውጣት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ሆስፒታል መድኃኒት የለመዱ ተሕዋስያን የሚገኙበት ቤት ነው፤ በዚያ ላይ እንቅልፍ የለም፣ ምግቡ አይስማማም፣ አልጋ ላይ ብዙ የዋለ ጡንቻ ይሟሽሻል። አሜሪካዊው የልብ ሐኪም ሃርላን ክረምሆልዝ እ.ኤ.አ. በ2013 የጻፈው ጽሑፍ የሚነሣው ከዚሁ ነው። የሆስፒታል ቆይታ ራሱ ሰውነትን ያደክማል፤ ታካሚው ከወጣ በኋላ ባሉት ሳምንታትም ከተኛበት በሽታ ውጭ ለሆነ ሌላ ሕመም ይጋለጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የታተመው የስቲቨን ጄንክስና የባልደረቦቹ ጥናት እንዳሳየው፣ በአሜሪካ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት መድን ካላቸው ታካሚዎች ከአምስቱ አንዱ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሶ ተኝቷል። ለውስጥ ደዌ ተኝተው በ30 ቀን ውስጥ ከተመለሱት ግማሽ ያህሉ ደግሞ በመካከሉ ሐኪም ዘንድ የታዩበት መረጃ አልነበረም። ይህ የሆነው የቤተሰብ ሐኪም፣ የቤት ለቤት ነርስና ስልክ በሞላበት አገር ነው።

ወደ እኛ አስታማሚ እንመለስ። ታካሚውን የምታበላው፣ የምታጥበው፣ ወደ መፀዳጃ የምትደግፈው፣ ናሙና ይዛ ላቦራቶሪ የምትሮጠው፣ ሌሊት ግሉኮሱ ሲያልቅ ነርስ የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ ልጅ፣ ሚስት፣ እህት ወይም ከገጠር የመጣች የአጎት ልጅ። የምትተኛው አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ ነው። የመንግሥት ሆስፒታሎቻችን ያለ እሷ አንድ ሌሊት አያድሩም። የጉብኝት ሰዓት ሲያልቅ ጥበቃው ከግቢ የሚያስወጣትም ይህችኑ ሴት ነው፤ ሐኪሞቹ ዙር ሲገቡም «አስታማሚ ውጭ ጠብቁ» ትባላለች። ስለ ታካሚው ሁኔታ በዝርዝር የሚነገርበት የቀኑ አንድ ሰዓት እሷ ኮሪደር ላይ የምትቆምበት ሰዓት ነው። ለግላዊነትና ለሥራ ቅልጥፍና ሲባል የተለመደ አሠራር መሆኑ ይገባኛል። ታካሚው ከፈቀደ ግን የዙሩን የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ለእሷ መስጠት ምንም በጀት አይጠይቅም።

ያለ ትምህርት የምትሄድ አስታማሚ ፍቅሯ ራሱ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። አንድ ጎኑ በስትሮክ የተያዘ አባት ቤቱ ይገባል። ልጁ ከሁሉ አስቀድማ የምታዘጋጀው አጥሚት ነው፤ አቅም እንዲሆነው። ግማሽ ጎኑ ስለማይታዘዝ ትራስ ላይ እንደተጋደመ በኩባያ ታጠጣዋለች። ስትሮክ የመዋጥ ኃይልን ሲያዳክም ግን ከሁሉ ይበልጥ አስቸጋሪው ቀጭን ፈሳሽ ነው፤ ወደ ጨጓራ ሳይሆን ወደ ሳንባ ይንሸራተታል። አባት ትን ይለዋል፣ ያስለዋል፤ «ብርድ መታው» ይባላል። ከቀናት በኋላ በሳንባ ምች ተመልሶ ይገባል። ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ አጥሚቱን ወፈር ማድረግ፣ በትንሽ ማንኪያ መስጠት፣ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛውን አለማቅረብ፣ ከበላ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አለማስተኛት፣ ድምፁ እንደ ረጠበ ሆኖ ከተሰማ ወይም በየጉርሻው የሚያስለው ከሆነ አቁሞ ሐኪም መጠየቅ። ይህ ሁሉ ዋርድ ውስጥ፣ በየምግቡ ሰዓት፣ ነርሷ እያየች ልጅቷ በእጇ ልትለማመደው የምትችለው ነገር ነው። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥም እንዲሁ። ጀርባው ላይ፣ ተረከዙ ላይና ዳሌው ላይ ቀይ ሆኖ ሲጫኑት የማይነጣ ቆዳ የአልጋ ቁስል መጀመሪያ መሆኑን አንድ ጊዜ ያሳዩአት ሴት አትረሳውም። የሽንት ቱቦ ይዞ የሚወጣ ሰው ከሆነ ከረጢቱ ምንጊዜም ከፊኛው በታች መንጠልጠል እንዳለበት፣ መኪና ውስጥ ጭን ላይ እንደማይቀመጥ፣ ቱቦው በስንት ቀን እንደሚቀየርና የት እንደሚቀየር ማወቅ አለባት። «የት» የሚለው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ቱቦ ለመቀየር ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው አለ።

ቀጥሎ የሚመጣው ወረቀቱ ነው። ታካሚው ይዞት የሚወጣው የሕክምና ማጠቃለያ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ፣ በምሕጻረ ቃል፣ ከሐኪም ለሐኪም ነው። ለሚቀጥለው ሐኪም አስፈላጊ በመሆኑ ይቅር አልልም። የእኔ ክርክር ለቤተሰቡ የተጻፈ ሁለተኛ ወረቀት የለም የሚል ነው። የሆላንዱ ተመራማሪ ሮይ ኬሰልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ግምገማ መሠረት፣ ሐኪም በቃል ከሚናገረው ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ወዲያው ይረሳል። በዚያ የመውጫ ጠዋት ሩጫ ውስጥ «እሺ፣ እሺ» የሚለው ሰው ራስ ውስጥ ምን እንደሚቀር መገመት አያስቸግርም።

ሰዓቱና ቀኑም ራሳቸውን የቻሉ ወጥመዶች ናቸው። ፓኬቱ ላይ «1×2» ተብሎ ይጻፋል፤ ጠዋትና ማታ ማለት ነው። አንዳንዱ ቤት ግን ሁለት ፍሬ በአንድ ጊዜ ሲዋጥ ታያላችሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር 8 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው መድኃኒት በእኛ ሰዓት ከምሳ በኋላ ይዋጣል። የቀጠሮ ካርድ ላይ 4/3 የሚል ቀን ሲጻፍ ወሩ ኅዳር ይሁን ማርች የሚያውቀው የጻፈው ሰው ነው። ኅዳር 4 መምጣት የነበረበት ሰው በፈረንጆች መጋቢት ቢመጣ የአራት ወር ያህል ክትትል አምልጦታል። የወሩን ስም በፊደል መጻፍ፣ ዕለቱን ማለትም ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ብሎ መጨመር፣ «ጠዋት ከቁርስ በኋላ» ብሎ ማስፈር ይህን ሁሉ ይዘጋል።

ከአገር ውጭ ያለው አማርኛ ተናጋሪ በዚህ በኩል የተሻለ ዕድል አለው። በሲያትል ከሃርበርቪው ሆስፒታል ጋር የተያያዘው ኤትኖሜድ የተባለው አገልግሎት ለኢትዮጵያውያንና ለኤርትራውያን ሕሙማን በአማርኛና በትግርኛ የጤና መረጃዎችን ካዘጋጀ ብዙ ዓመታት ሆኖታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍትም በአማርኛ የተጻፉ የታካሚ ጽሑፎችን በነፃ ያቀርባል። በእስራኤል ጤና ሚኒስቴር ለአማርኛ ተናጋሪዎች በስልክ የሚሠራ የሕክምና አስተርጓሚ አገልግሎት አለ፤ ተነ ብሪዩት የተባለው ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ በቋንቋቸውና በባህላቸው የጤና ትምህርት ሲሰጥ ቆይቷል። እዚያ ሆስፒታሉ ታካሚው በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ አለበት። እዚህ ግን ታካሚውም ነርሷም አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ እየተናገሩ በመካከላቸው የሚሻገረው ወረቀት የሁለቱም ባልሆነ ቋንቋ ነው። እነዚያን ጽሑፎች ወስዶ ለአገራችን ማዕድና ለአገራችን ቤት አስተካክሎ ማተም የአንድ ሆስፒታል የጤና ትምህርት ክፍል የጥቂት ወራት ሥራ ነው።

ከወረቀቱ ይልቅ አደጋ ያለው ግን የመድኃኒት ፌስታሉ ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 በመድኃኒት ምክንያት የሚደርስ ጉዳትን ለመቀነስ ዘመቻ ሲጀምር ትኩረት ከሰጣቸው ሦስት ነገሮች አንዱ ታካሚው ከአንድ የሕክምና ቦታ ወደ ሌላው የሚዛወርበት ጊዜ ነው። አንዲት የልብ ድካም ያለባቸው እናት ከመተኛታቸው በፊት ቤታቸው ውስጥ «ላሲክስ» የሚል መድኃኒት ነበራቸው እንበል። ሲወጡ «ፉሮሰማይድ» የሚል ተጻፈላቸው። ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው፤ አንዱ የንግድ ስሙ ነው። ልጃቸው ፋርማሲስት ካልሆነ ይህን ሊያውቅ አይችልም። የድሮውም ሳይጣል አዲሱም ይዋጣል፤ ሰውነታቸው ውኃውንና ጨውን አጥቶ ሲነሡ ያዞራቸዋል፣ ሽንት ቤት ደፍ ላይ ይወድቃሉ። መፍትሔው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ነገ ይዛችሁ ኑ።» ፋርማሲስቱ ወይም ነርሷ አልጋው ላይ ዘርግተው የሚቀጥለውን፣ የሚቆመውንና አዲሱን ይለያሉ። የሚቆመው እዚያው ይወገዳል፤ ወደ ቤት ተመልሶ አይሄድም።

ጾምን ሳያነሡ ስለ መድኃኒት ማውራት በእኛ አገር ግማሽ ወሬ ነው። የልብ ቫልቫቸው በቀዶ ሕክምና ተተክቶ ዋርፋሪን የሚወስዱ ብዙ ወጣቶች አሉን፤ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ያስከተለው የልብ ሕመም ሰለባዎች ናቸው። ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የቫይታሚን ኬን ሥራ በማገድ ነው። ጎመን ደግሞ በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነው። በፍስክ ወራት ጎመንን አልፎ አልፎ የሚበላ ወጣት ዐቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀን በየቀኑ ቢበላው የመድኃኒቱ ኃይል ሊቀንስና በተተከለው ቫልቭ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ጾሙ ተፈትቶ ጎመኑ በድንገት ሲቆም ደግሞ መድኃኒቱ ይጠነክርና ለመድማት ያጋልጣል። ለዚህ ሰው «ጎመን አትብላ» ማለት መፍትሔ አይደለም። መጠኑን ወጥ አድርጎ መያዝ፣ ጾም ሲገባና ሲፈታ የደም ምርመራውን ማቀራረብ ነው የሚያስፈልገው። ስኳርም ተመሳሳይ ነው። ጠዋት ኢንሱሊኑን ወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ በንስሐ አባቱ በኩል መፍትሔ አላት፤ እስልምናም በረመዳን ሕመምተኛውን አያስገድድም። ታካሚው ግን ለሐኪሙ «እጾማለሁ» ሳይል ይወጣል፤ ሐኪሙም ሳይጠይቅ ያስወጣዋል። ይህ ጥያቄ በመውጫው ቅጽ ላይ ከአለርጂ ጎን መጻፍ ነበረበት።

የኢንሱሊን ማስቀመጫም እንደዚያው ነው። «ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ» ማለት ይቀላል። መብራት በሌለበት የገጠር ቤት ግን በእርጥብ አሸዋ ወይም በውኃ በሚቀዘቅዝ የሸክላ ዕቃ መጠቀም ይቻላል፤ በብዙ ሞቃት አገሮች የሚሠራበት ዘዴ ነው። ያልተከፈተው ብልቃጥ ፍሪዘር ውስጥ ከገባና በረዶ ከሠራ ግን ተበላሽቷል። ይህን የምታውቅ ነርስ «ቤትህ ፍሪጅ አለ?» ብላ ትጀምራለች።

አሁን ስለ ቤቱ እንናገር። «ቤት» ስንል ሐኪሙ የሚያስበውና ታካሚው የሚገባበት ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። በአዲስ አበባ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በኮንዶሚኒየም ይኖራሉ፤ ከቀደሙት ሕንፃዎች ብዙዎቹ ባለ አራት ፎቅ ሆነው ሊፍት የላቸውም። ዳሌው ተሰብሮ ብረት የገባለት ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ ጎረቤት ጎረምሶች በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው ያወጡታል። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት አይወርድም፤ ቀጠሮው የሚያመልጠው ግድ የለሽ ሆኖ ሳይሆን ደረጃው አግዶት ነው። ስለዚህ ከመውጣቱ ሁለት ቀን አስቀድሞ «ስንተኛ ፎቅ ነው? መፀዳጃው የቁጢጥ ነው የመቀመጫ? በክራንች ደረጃ መውጣት ሞክሯል?» ብሎ መጠየቅ ከራጁ ያላነሰ የሕክምና ጥያቄ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው በሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ሦስት ጊዜ ቢያወጣው ቤተሰቡ የሚከራየው ወይም የሚለምነው መሬት ላይ ያለ ክፍል ያስፈልግ እንደሆነ ይታወቃል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ጋር ተያይዞ ከፒያሳና ከሌሎች ነባር ሠፈሮች የተነሡ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል። የተሻለ ቤት ያገኘ አለ። የአሮጌው ሠፈር ሰው ግን ተበትኗል። ለታመመ ሰው ገንፎ ይዛ የምትመጣው ጎረቤት፣ ሌሊት በር ተንኳኩቶ የምትጠራው፣ እናቲቱ ገበያ ስትሄድ አባትየውን የምትጠብቀው ሴት አሁን ሌላ ክፍለ ከተማ ናት። ዕድሩ ለቀብር ይሰበሰባል፤ ለአስታማሚ እረፍት ግን ከሩቅ አይመጣም። ሆስፒታሎቻችን ሳያውቁት ይተማመኑበት የነበረው የጎረቤት ጉልበት ቀንሷል፤ መውጫውን ሲያቅዱ ይህን መቁጠር አለባቸው።

ጠያቂ ግን አይቀርም። «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ለማለት የሚመጣው ሰው ፍቅር ይዞ ነው የሚመጣው፤ የታሸገ ጭማቂና ለስላሳም ይዞ። ለስኳር ሕመምተኛ የሚቀርበው ያ ጭማቂ፣ የካንሰር መድኃኒት ወስዶ መከላከያው በወረደ ሰው ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚሞላው ሰው፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን ጉንጭ ላይ የሚወርደው መሳም ሁሉም ከፍቅር የሚመጡ ናቸው። አስታማሚዋ ብቻዋን «ተመለሱ» ማለት አይሆንላትም፤ ነውር ነው። «ሐኪሙ ለሁለት ሳምንት ከልክሏል» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ግን ታላላቆችንም ያስቆማል። ለዚህ ቤተሰብ መሸሸጊያ መስጠት የሆስፒታሉ ግዴታ ነው ባይ ነኝ።

ስለ ጸበልና ስለ ወጌሻም በግልጽ መነጋገር ይሻላል፤ ዝም ማለት ታካሚውን ለድብብቆሽ ይዳርገዋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ መድኃኒትንና ጸበልን ጎን ለጎን መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር፤ በእንጦጦ ማርያም መድኃኒታቸውን ጥለው ይጠመቁ ለነበሩ ሰዎች ይህ ሕይወት ነበር። ያ መንገድ ለሌላውም ሕመም ይሠራል። «ጸበል ትሄዳለህ? መልካም፤ መድኃኒቱን እዚያው ይዘህ ሂድ፣ የቀዶ ሕክምናው ቁስል እስኪደርቅ ውኃ አይንካው፣ ባዶ ሆድህን አትዋል» ብሎ የሚያስወጣ ሐኪም ታካሚውን አላጣውም። ወጌሻው ግን ከዚህ ይለያል። እግሩ ተሰብሮ የሆስፒታሉን ተራ ወይም ወጪ ፈርቶ «በራሴ ፈቃድ ወጣሁ» ብሎ የሚፈርም ሰው ብዙ ነው። በቀርከሃ ጠብቆ የታሰረ እግር ደም ተቋርጦበት ተመልሶ ሲመጣ አንዳንዴ የቀረው ምርጫ መቁረጥ ብቻ ይሆናል። በፈቃዱ ለሚወጣው ሰው ፊርማ ብቻ ተቀብሎ መሸኘት አይበቃም፤ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ከጠቆረ ወይም ሕመሙ ካየለ እስሩን ወዲያው ፈትቶ በዚያው ሰዓት እንዲመለስ፣ ማንም እንደማይቆጣው መንገር ያስፈልጋል። ይህ የመጨረሻው ሐረግ ከሁሉ ይበልጣል። ብዙ ሰው ዘግይቶ የሚመለሰው ቁጣ ፈርቶ ነው።

የወለዱ እናቶች ጉዳይ ከሁሉም ያጠረ ቆይታና ከሁሉም የበዛ ቁጥር ያለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያለ ችግር በምጥ የወለደች እናት ከነሕፃኗ ቢያንስ 24 ሰዓት በተቋሙ እንድትቆይ፣ ከዚያም ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀንና በስድስተኛው ሳምንት እንድትታይ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ከወሊድ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ የታዩት እናቶች ከመቶ 34 ነበሩ። በተቋም ከወለዱት ቁጥር እንኳ ያነሰ ነው፤ ማለትም በተቋም ወልደው ሳይታዩ የወጡ ነበሩ። ጭንቅላቷን አጥብቆ የሚያማት፣ ዓይኗ ብዥ የሚልባት እናት «ምጡ ነው፣ ይተዋታል» ትባላለች፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የደም ግፊት ሊሆን እንደሚችል የነገራት የለም። ሕፃኑ ካልጠባ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከተኮሰ፣ መዳፉና የእግሩ ሥር ቢጫ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ይመጣል። እትብቱ ላይ ቅቤ አይቀባም፣ ሕፃኑም ቅቤ አይውጥም። ይህን ለእናቲቱ ብቻ መንገር ግን ከንቱ ነው፤ በአራስ ቤት የምታዝዘው አያቷ ወይም አማቷ ናት። አያቲቱ በመውጫው ሰዓት አልጋው አጠገብ መቀመጥ አለባት።

የሚገርመው፣ ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ሰው አገራችን ውስጥ አለ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሠራተኞችን አስቀምጧል፤ በከተማም ነርሶች ቤት ለቤት እንዲሄዱ ተደርጓል። ሆስፒታሎችም ከ2002 ዓ.ም. የሪፎርም መመሪያ ወዲህ የሊያዞን (የአገናኝነት) ክፍል አላቸው። እነዚህ ሁለቱ ግን አይነጋገሩም። ሊያዞኑ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው አልጋ ፈልጎ ታካሚ ማስገባት ነው፤ አንድ በሽተኛ ወደ ቀበሌው መመለሱን ለኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሚደውልላት የለም። አምቡላንሱ ያመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይመልስም። ወደ ታች የሚላክ ሪፈር የሚባለው ወረቀት፣ ማለትም «ስፌቱን በአካባቢህ ጤና ጣቢያ አስነሣ፣ ግፊትህን እዚያ ተለካ» የሚለው፣ ከተጻፈ ይሄዳል፤ ደረሰ ብሎ የሚመልስ ግን የለም።

ሊሠራ እንደሚችል ያሳዩ አሉ። ጎንደርና ጅማ ላይ ሐኪሞች የስኳርና የሚጥል በሽታ ክትትልን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች አውርደው፣ ታካሚው ሙሉ ቀን በእግርና በመኪና እየተጓዘ መምጣቱን ለማስቀረት ለዓመታት ሠርተዋል። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የማይድን ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በየቤታቸው ነርስ እየላከ ሲያስታምም ቆይቷል፤ ሕመም ማስታገሻውን፣ የቁስል እጥበቱን፣ የቤተሰቡን ማጽናናት ሁሉ እዚያው። ሁለቱም ሥራቸውን የጀመሩት ታካሚው የሚኖርበትን ቦታ አይተው ነው።

ለውጡን ለመጀመር አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። በቦስተን የሕክምና ማዕከል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት ያደረገው ሁለት ነገር ነው፤ አንዲት ነርስ የመውጫውን ዝግጅት ብቻ እንድትመራና ቀለል ያለ የመመሪያ ደብተር እንድትሰጥ አደረገ፣ ከዚያም ፋርማሲስት ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ስልክ ደወለ። ታካሚዎቹ በአንድ ወር ውስጥ ወደ ሆስፒታል የተመለሱበት ቁጥር በ30 በመቶ ገደማ ቀነሰ። እኛ ዘንድ ነርስ ጥቂት ነው፤ በሁሉም ዋርድ አይቻልም። በስትሮክ፣ በልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምናና በቀዶ ሕክምና የወለዱ እናቶች ክፍል ቢጀመር ግን ተመልሶ ለሚገባው ብዙ ሰው መድረስ ይቻላል። አስታማሚዋ የተማረችውን በራሷ አፍ መልሳ ትናገራለች፣ መርፌውን በእጇ ትሞላለች፣ ወረቀቱን በቋንቋዋ ትይዛለች፤ በሦስተኛው ቀን ስልኳ ይጮኻል።

የስልኩን ካርድና የነርሷን ሰዓት የሚከፍለው ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዛሬ በብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቶ ታካሚው ተመልሶ ሲተኛ ለአልጋው፣ ለመድኃኒቱና ለምርመራው ይከፍላል፤ ሰውየው ተመልሶ እንዳይተኛ ለሚደረግ ዝግጅት ግን የተለየ ክፍያ አላስቀመጠም። ከሆስፒታሎች ጋር ውል ሲታደስ የመውጫ ትምህርትና የሦስተኛ ቀን ጥሪ እንደ አንድ አገልግሎት ተቆጥሮ ዋጋ ቢወጣለት፣ የሊያዞን ክፍሉ ከመግቢያው በር ወደ መውጫው በር የሚያይበት ምክንያት ያገኛል። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች በቀጣዩ የውል ዘመን ይህን ማቅረብ ይችላሉ፤ ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም የታካሚው ስምና ቀበሌ በስልኳ ሲደርሳት በማግስቱ ቤቱ ትገኛለች።